ያልታዘዘ አንድ ዕቃ

አጎቴ ያቋቋመው የጅምላ ማከፋፈያ ድርጅት ሠላሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል፣ የድርጅቱን ታሪክ እንድጽፍ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። የተመረጥሁት በችሎታዬ አይደለም፤ በዚያ ወር ከቤተሰቡ መካከል ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እኔ ብቻ ስለነበርሁ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። ስድስት ገጽ ጻፍሁ። በመጀመሪያ በእጅ የሚገፋ ጋሪ እንደነበረ፣ ቀጥሎ አሮጌ ፒካፕ እንደተገዛ፣ ከዚያም ሁለተኛው መጋዘን እንደተከፈተ፣ ዛሬ ደግሞ ከሁለት መቶ ለሚበልጡ ኪዮስኮችና ትንንሽ ሱቆች ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ ብስኩትና እስክርቢቶ እንደሚያቀርብ በቅደም ተከተል አሰፈርሁ። አጎቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበና፣ «ግሩም ነው! ልክ እንደ መጽሐፍ!» አለኝ።

እኔ ግን ጽሑፉን ባነበብሁት ቁጥር አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። በስድስቱ ገጽ ውስጥ አክስቴ የለችም። አብረው በታተሙት ፎቶግራፎች ውስጥም ቢሆን የምትታየው በአንዱ ጥግ ብቻ ነው፤ እሱም ክርኗ ነው። ሰዎች ፎቶ ሲነሡ እሷ ካርቶን ስታሽግ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ጽሑፍ የጻፍሁት ከክርኑ ጀርባ ያለውን ሰው ለማሳየት ነው። ይሳካልኛል ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።

አክስቴ የአጎቴ ታላቅ እኅት ናት። አጭር ናት፤ መነጽሯን በሲባጎ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ስትሠራ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስባለች። ድርጅቱ ሲጀመር፣ «ለአንድ ሳምንት ላግዝህ» ብላ ገባች። ሳምንቱ እስከ ዛሬ አላለቀም። በመጋዘኑ መካከል ላይ፣ ከሁለት አሮጌ በሮች የተሠራ ረጅም ጠረጴዛ አላት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቆመችው እዚያ ነው። የኪዮስክ ባለቤቶች በስሟ አይጠሯትም፤ እትዬ ድብልቅ ይሏታል። ስያሜው የመጣው በአንድ ጠብ ምክንያት ነው።

በዚያን ዘመን ጅምላ አከፋፋይ ካርቶን አይከፍትም ነበር። ሕግ ነው። ካርቶን እንደታሸገ ይገባል፤ እንደታሸገ ይወጣል። ኪዮስክ ማለት ደግሞ ባለቤቱ ሲያስነጥስ ዕቃው ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። የአንድ ካርቶን አርባ ስምንት ሳሙና እንዲገባ ባለቤቱ መውጣት ነበረበት። አንድ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ በጃንጥላ ሥር የሚነግድ አንድ ረጅም ሰውዬ መጣና ግማሽ ካርቶን ሳሙና ለመነ። አጎቴ በር ላይ ቆሞ፣ «ካርቶን አይከፈትም!» እያለ ሲጮህ፣ አክስቴ ከውስጥ ቢላዋ አንሥታ የአንዱን ሳሙና ካርቶን ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው።

«ምን አደረግሽ?» አለ አጎቴ።

«ከፈትኩት።»

«ማን ክፈቺ አለሽ?»

«ሰውየው የፈለገው ሳሙና ነው እንጂ ካርቶን አይደለም።»

«እሺ፣ የቀረውን ግማሽ አሁን ማን ይወስደዋል? አንቺ ትታጠቢበታለሽ?»

«ጩኸትህን ሰምተው የመጡ ሁለት ባለኪዮስኮች ከኋላህ ቆመዋል። ዞር ብለህ ጠይቃቸው።»

ሁለቱ ሰዎች ለግልግል ነበር የመጡት፤ ሳሙና ተከፋፍለው ተመለሱ። አጎቴ ዛሬ ይህን ታሪክ ሲያወራ ቢላዋው በእሱ እጅ ነበር ይላል። እሱንም እሷንም ለየብቻ ጠይቄያለሁ፤ አክስቴ የሰጠችኝ መልስ፣ «እሱ ያን ቀን ቢላዋ ቢይዝ ኖሮ የሚቆርጠው እኔን ነበር» የሚል ነው። ይህ ለታሪክ ጸሐፊ በቂ ማስረጃ መሆኑን አላውቅም፤ እኔን ግን አሳምኖኛል።

ከዚያ ወዲያ ድብልቅ ካርቶን ተጀመረ። አክስቴ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጥቂት ጥቂት እያነሣች፣ ለአንድ ኪዮስክ ለሁለት ሦስት ቀን የሚበቃውን በአንድ ካርቶን ውስጥ ታሽግ ጀመር፤ ስድስት ሳሙና፣ አንድ እሽግ ክብሪት፣ አሥር ብስኩት፣ አራት ባትሪ። ኪዮስኮቹ የሚታወቅ ስም ስላልነበራቸው በየካርቶኑ ላይ በማርከር ሥዕል ትሥልባቸው ነበር። ለአንዱ ጃንጥላ፣ ለአንዷ ድመት፣ ለሌላው ሰማያዊ መስኮት። ከድልድዩ ማዶ ላለው ባለኪዮስክ ጢሙን ሣለችለት፤ እሱም በጢሙ በጣም ይኮራ ስለነበር አልተቀየመም። ችግሩ የመጣው አዲስ ሾፌር የተቀጠረ ዕለት ነው። ሾፌሩ ዛሬም ከእኛ ጋር አለ፤ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «ቀስ በል! ቀስ በል!» ስለሚል ቀስበል እንለዋለን። ቀስበል በመጀመሪያ ቀኑ ጢም የተሣለበትን ካርቶን እንደያዘ ተመልሶ መጣ።

«እትዬ፣ ጢም ያለው ሰው የለም» አለ።

«ከድልድዩ ማዶ ነዋ!»

«ሄጃለሁ። አንድ ሰውዬ "የኔ ነው" አሉኝ። ጢምዎ የታለ ስላቸው "ዛሬ ጠዋት ተላጨሁት" አሉ። እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ እትዬ? በመጀመሪያ ቀኔ የሰው ዕቃ ለሌላ ሰው ልስጥ?»

ሰውየው ሦስት ቀን ያለ ሳሙና ነገደ። በሚቀጥለው ካርቶን ላይ አክስቴ ምላጭ ሣለችለት።

የአሠራሩ ዋና ምስጢር ግን በሚሄደው ካርቶን ላይ ሳይሆን በሚመለሰው ላይ ነው። ቀስበል አዲሱን ካርቶን ሲያደርስ አሮጌውን ይዞ ይመለሳል፤ ያልተሸጠውም በውስጡ አለ። አክስቴ ተመላሹን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ልክ እኛ ተማሪዎች መጽሐፍ እንደምናነብ ታነበዋለች። ሳሙና በብዛት ተመልሶ ከመጣ፣ «ያ ሰፈር ውኃ ጠፍቶበታል» ትላለች። ባትሪ ተመልሶ ከመጣ መብራት አልጠፋም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከባለ ድመቷ ኪዮስክ ሁሉም ነገር እንዳለ ተመለሰ፤ አክስቴ ካርቶኑን ትኩር ብላ አየችና፣ «ሴትዮዋ ሱቋን ዘግታ ሰነበተች፤ ልጇ ወልዳለች» አለች። ቀስበል በማግሥቱ አጣርቶ መጣ። መንታ ነበሩ። «መንታውን እንኳ አላወቅኩም» ብላ ተጸጸተች።

ሌላም ልማድ ነበራት። በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ፣ ባለቤቱ ያላዘዘውንና አስቦትም የማያውቀውን አንድ ዓይነት ዕቃ ትጨምር ነበር። «እንግዳ» ትለዋለች። የጫማ ማሠሪያ ይሆናል፣ የልብስ ስፌት መርፌ ይሆናል፣ ፊኛ ይሆናል። እንግዳው ተመልሶ ከመጣ አትከፋም፤ ሌላ ትልካለች። ካልተመለሰ ደግሞ፣ «ይሄ ዜግነት አገኘ» ትልና ከቋሚዎቹ ጋር ታሰልፈዋለች። በሆስፒታሉ በር ላይ ላለችው ሴት አንድ ጊዜ ሦስት ጥንድ ነጠላ ጫማ ላከችላት። ሴትዮዋ፣ «እኔ ጫማ ቤት ነኝ?» ብላ በቀስበል ላይ ጮኸችበት። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስቱም አለቁ፤ ለካ በሽተኛ ሊያስታምም የሚመጣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ከቤት ሲወጣ የሚረሳው ነጠላ ጫማውን ነው። በቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የሚነግደው ጡረተኛ ደግሞ የተላከለትን ፊሽካ ለማንም ሳይሸጥ ራሱ ገዛው። አክስቴ ይህም ይቆጠራል ትላለች።

ይህ ሁሉ ሊቀር የተቃረበው ባለፈው ክረምት፣ እኔ ስድስቱን ገጽ በምጽፍበት ወር ነው።

አዲስ መጋዘን እየተሠራ ነበር። ሥራውን የሚመራው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ሁላችንም ማናጀሩ እንለዋለን፣ በልጅነቱም የማናጀር ጠባይ ስለነበረው። ደግ ሰው ነው። አንድ ጠዋት የአዲሱን መጋዘን ፕላን ይዞ መጣና በአክስቴ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ይደርሳሉ። ባለኪዮስኮቹ በስልክ ያዝዛሉ፤ ሰማንያ ስድስት መስመር ባለው ቅጽ ላይ ይመዘገባል፤ የተመዘገበው ብቻ ይላካል። አክስቴ ፕላኑን በጣቷ እየተከተለች ከበር እስከ በር ዞረችው።

«ጠረጴዛዬ የታለ?»

ማናጀሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ደክሞሻል። መግቢያው ላይ ጥሩ ወንበር አዘጋጅቼልሻለሁ። የሚሽከረከር ነው።»

«ወንበር ከሆነ ቤቴ አራት አለኝ። አንዱም አይሽከረከርም፤ ተመስገን ነው።»

«እትዬ ሙች፣ ላንቺው አስቤ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ቆሜ የሠራሁትን አሁን እየተሽከረከርኩ ላስታውሰው?»

አጎቴ ገላጋይ ሆኖ ገባ፤ ነገር ግን ግልግሉ ነገሩን አባሰው። ፈተና ይሁን አለ። ለአንድ ሳምንት ማናጀሩ ለአሥር ኪዮስኮች በስልክ በታዘዘው መሠረት ይልካል፤ አክስቴም ለሌሎች አሥር እንደ ልማዷ ታሽጋለች። ተመላሽ ዕቃ ያነሰለት ያሸንፋል። ማናጀሩ ካሸነፈ ጠረጴዛው ለአናጢ ይሰጣል፤ አክስቴ ካሸነፈች በአዲሱ መጋዘን ቦታ ያገኛል። «ዳኛው እኔ ነኝ» አለ አጎቴ። ዳኛ መሆኑ በጣም ደስ ብሎት ስለነበር ያን ሳምንት በሙሉ ከረባት አሠረ።

በዚያ ሳምንት በየቀኑ ከጠረጴዛው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዝ ነበር። አክስቴ በፍጥነት ታሽጋለች፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ። ከዚያ እጇ እንግዶቹ ወደሚቀመጡበት መደርደሪያ ይዘረጋል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ይመለሳል፤ ፕላስተሩን ያነሣል። በመጀመሪያው ቀን የረሳች መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን እንዳልረሳች ገባኝ። አንድ ቃል ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን ስለ ካርቶን እሷን ለማስተማር እኔ ማን ነኝ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ቀስበል ሃያውን ካርቶን አወረደ። ከማናጀሩ አሥር ካርቶኖች አሥራ አንድ ዕቃ ወጣ። ከአክስቴ አሥር ካርቶኖች የወጣው አንድ የሞተ ሸረሪት ብቻ ነው፤ እሱንም አጎቴ ከረባቱን አስተካክሎ፣ «ይህ በሂሳብ አይገባም» ሲል በየነ።

«አሸነፍሽ!» አለ። «እኅቴ፣ አንድም ተመላሽ የለሽም! በድርጅቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም! አንተ፣ ጻፈው!»

ጻፍሁት። ማናጀሩ እጁን ዘርግቶ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። አክስቴ እጁን አልጨበጠችም። ባዶዎቹን ካርቶኖች አንድ በአንድ እያነሣች ውስጣቸውን ታይ ነበር።

«ምን አሉ?» አለችው ቀስበልን።

«እነማን?»

«ሰዎቹ ናቸዋ። አፍ የላቸውም?»

ቀስበል ጫማውን እያየ ተቅለሰለሰ። «እትዬ፣ የሆስፒታሏ ሴትዮ ካርቶኑን ገልብጣ አራገፈችው። "ታማለች እንዴ?" አለችኝ። ጡረተኛውም፣ "ምን አስቀየምኳት?" አሉ። እኔ ምን ልበል? ደህና ናት፣ ትንሽ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ።»

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች።

«ይሄ ሳምንት አይቆጠርም» አለች።

«እንዴት አይቆጠርም?» አጎቴ ደነገጠ። «አሸንፈሽ እኮ ነው!»

«ያሸነፈው ፍርሃቴ ነው። ሳሙናና ክብሪት ልኬ ተደበቅኩ። እንደሱ ያለ ካርቶን ማንም ያሽገዋል፤ አንተም ብትሆን ከረባትህን ፈትተህ ታሽገዋለህ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስታይ አልነበር? ምነው ዝም አልክ?»

«እኔ... እኔ እንጃ፣ እትዬ። የምታውቂ መስሎኝ።»

«አውቃለሁ እንጂ! የሚያውቅ ሰውም ይነገረዋል» አለችኝ። ይህን ዐረፍተ ነገር ካነበብኋቸው ብዙ ምዕራፎች ይልቅ አልረሳውም።

ማናጀሩ ጣልቃ ገባ። «እትዬ፣ በቃ ተይው። ጠረጴዛሽ ይኑር። ጥግ ላይ ቦታ እፈልግለታለሁ።»

«ለማስታወሻ? ሰው እየመጣ ፎቶ እንዲነሣበት? ከአዘንክልኝማ ለአናጢው ስጠው፤ ቢያንስ አልጋ ይሆናል። ሌላ ሳምንት ስጡኝ። በደንብ የሠራሁበት ሳምንት ይቆጠር።»

ሁለተኛው ሳምንት ተጀመረ። አክስቴ የመደርደሪያውን እንግዶች ሁሉ አወረደች። ለጡረተኛው ማጉያ መነጽር፣ ለባለ ጃንጥላው የቃላት እንቆቅልሽ ደብተር፣ ለባለ ድመቷ የሕፃን ጡጦ ሁለት ሁለት ላከች። በየካርቶኑ ላይ የምትሥለው ሥዕል እንኳ አምሮ ነበር፤ ድመቷ ጢም አወጣች። እኔም በድፍረት፣ «ለትምህርት ቤቱ በር ባለኪዮስክ ማስመሪያ ቢላክስ?» አልሁ። «ማስመሪያማ አለው፤ ላጲስ ነው የሚጠፋበት» አለች፤ ሆኖም ስለተናገርሁ የተደሰተች መሰለኝ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ቀስበል ካርቶኖቹን በጣም ቀስ ብሎ አወረደ። ከማናጀሩ ካርቶኖች ዘጠኝ ዕቃ ወጣ። ከአክስቴ አሥራ አራት። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ እንግዶች ነበሩ፤ የሕፃን ጡጦዎቹ ሁለቱም ተመልሰዋል፤ መንታዎቹ ለካ አድገው በሩጫ ላይ ናቸው። አጎቴ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር አክስቴ፣ «አይጨምርም አይቀንስም፤ ተወው» አለችው። ዳኛው ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

አክስቴ አልተከራከረችም። ቢላዋዋን፣ ማርከሮቿንና የሲባጎ ጥቅልሏን በአንድ ባዶ ካርቶን ውስጥ ትከት ጀመር። የማናጀሩ ፊት ግን ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም፤ ቅጹን በእጁ ይዞ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ መልሶ ይቆማል።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

«ከኔ አሥሩ ኪዮስኮች አራቱ በዚህ ሳምንት ሲያዝዙ በቅጹ ላይ የሌለ ነገር ጠይቀውኛል። ትናንት አንዱ ያዘዘውን ሁሉ ካስመዘገበ በኋላ፣ "ያቺንም ነገር ጨምርልኝ" አለኝ። የትኛዋን ስለው፣ "እኔ ባውቃት አንተ ምን ታደርግልኛለህ?" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ይኸው ሰማንያ ስድስት መስመር አለኝ፤ ሦስት ጊዜ አየሁት። የት ላይ ልጻፈው?»

የአክስቴ እጅ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«አይጻፍም» አለች። «ና፣ እዚህ ቁም።»

«የት?»

«እዚህ፣ በኔ በኩል። ከዚያ ወዲያ ሆነህ አይታይህም።»

ማናጀሩ ጠረጴዛውን ዞሮ አጠገቧ ቆመ። እሷ የሆስፒታሏን ሴትዮ ተመላሽ ካርቶን ፊቱ ላይ ገለበጠች። ከውስጡ የወጣው አንድ ባትሪና ሁለት ፊኛ ነበር።

«አንብበው።»

«ምኑን ላንብበው? ባትሪና ፊኛ ነው።»

«ፊኛ የላክኩት ለታመሙ ልጆች ብዬ ነው። ተመለሰ። ተሳስቼአለሁ። እና አሁን ምን ትልካለህ? ቅጹን አትይ! ሴትዮዋን አስብ። በሩን አስብ። ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል?»

ማናጀሩ ረጅም ጊዜ አሰበ። አጎቴ ሊናገር ሲል አክስቴ በማርከሩ ዝም በል አለችው።

«ማበጠሪያ» አለ ማናጀሩ።

«ለምን?»

«አልጋ ላይ የከረመ ሰው... ጠያቂ ሊመጣበት ሲል ፀጉሩን ማበጠር አይፈልግም? ባለፈው ዓመት ቀዶ ሕክምና ያደረግኩ ጊዜ እኔ በጣቴ ነበር የማበጥረው።»

አክስቴ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ አራት ማበጠሪያ አምጥታ በእጁ ላይ አስቀመጠችለት። እሱም ካርቶኑ ውስጥ ከተታቸው፤ ፕላስተሩን ሲለጥፍ ግማሹን እጁ ላይ ለጠፈው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ዳኛው ገና አልፈረደም!» አለ አጎቴ።

«ፍረድ እንግዲህ» አለች አክስቴ።

አጎቴ ከረባቱን አጠበቀ። «በተመላሽ ብዛት ያሸነፈው ልጄ ነው። በሕጉ መሠረት ጠረጴዛው...» ወደ ልጁ አየ። «ልጄ፣ አሸናፊው አንተ ነህ። ጠረጴዛው ምን ይሁን?»

ማናጀሩ በፕላስተር በተጣበቀው እጁ ፕላኑን ዘረጋ፤ ከእኔ እርሳስ ተዋሰና በመጋዘኑ መካከል የነበሩትን ሁለት መደርደሪያዎች ሰረዛቸው። በቦታቸው አንድ አራት ማዕዘን ሣለ።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«አሳጠርከው» አለች። «ከእንግዲህ የሚቆምበት ሁለት ሰው ነው።»

ማናጀሩ ላጲስ ጠየቀኝ።